ባዶ እጁን ለተመለሰ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ሳር ቤት፣ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ባሉ ሰፈሮቻችን ከዓረብ ሀገር ተመልሰው ቤታቸው የተቀመጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ለጁምዓ ይመጣል፤ ከመጨረሻው ሶፍ ይቆማል፤ ኢማሙ እንዳሰላመተ ጫማውን አንስቶ ማንንም ሳያይ ይወጣል። አንዳንዱ ከነአካቴው ቀርቷል። አግኝታችሁት "ምነው ጠፋህ?" ብትሉት መልሱ አንድ ዓይነት ነው። "ምን ፊት ይዤ ልምጣ?"

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች "ምን ፊት ይዤ" የምትል ንግግር ናት። ልጁ ሰውን አፍሯል። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ሰውን ማፈር ሲሰነብት አላህን ወደ መሸሽ ይቀየራል። "አላህ ቢወደኝ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር" ይላል። ከዚያ "እኔ የተረገምኩ ነኝ" ይላል። ከዚያ ሰላቱን ይተዋል። ሸይጧን ከመንገዱ ላይ ያላገኘውን ድል ቤቱ ድረስ መጥቶ ወሰደ ማለት ነው።

እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ከመሻይኾቻችን እግር ስር ተቀምጬ የተማርኩትንና መስጂድ ውስጥ ሳገለግል የማየውን አንድ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። የምለውም ይህ ነው፦ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው የከበደው። ቢለያቸው ሸክሙ ይቀልለታል፤ የአላህ እዝነትም በየትኛው በር እንደሚመጣለት ያውቃል።

◆ ስንት ሰው እንደሆንን እንወቅ

በመጀመሪያ፣ ብቻህን እንዳልሆንክ እወቅ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ ትልቁ አፈሳ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በላስቲክ ከረጢት ልብሳቸውን ይዘው፣ አንዳንዶቹም በነጠላ ጫማ የወረዱበትን ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ሳዑዲ ሌላ ዘመቻ አወጀች፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመለሱ። በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ መንግሥታችን ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ከሳዑዲ ጋር ተስማማ።

እነዚህ የተመለሱት ናቸው። ያልተመለሱም አሉ። በኦቦክ ወይም በቦሳሶ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን በእግር አቋርጦ፣ በሰዓዳ ተራራዎች ወደ ጂዛን የሚወስደው መንገድ የስንቱን ልጅ እንደበላ አላህ ነው የሚያውቀው። በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች ታጉረውበት የነበረ ማቆያ በእሳት ሲያያዝ ካለቁት አብዛኞቹ ወገኖቻችን ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደተገደሉ የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን ውስጥ አብየን ጠረፍ ላይ ተገልብጣ ብዙዎች ሰጠሙ፤ የተሳፈሩት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ወንድሜ ሆይ፤ "ባዶ እጄን ተመለስኩ" ስትል ይህንን አስብ። በዚያ መንገድ ወጥቶ ነፍሱን ይዞ የተመለሰ ሰው፣ አላህ ለተውበት ጊዜ የሰጠው ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ሊሰጥህ ይችላል? ሚሊዮን ብር ይዞ ተመልሶ ተውበት ሳያደርግ ከሚሞት ሰው አንተ ትሻላለህ።

◆ ሰፌዱ ላይ አፍስሰው

እናቶቻችን ምስር ከመቀቀላቸው በፊት ሰፌድ ላይ አፍስሰው ይለቅማሉ። ጠጠሩን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ ያወጣሉ። አንተም ያሳለፍካቸውን ዓመታት እንዲሁ ዘርግተህ ልቀማቸው። ሦስት ነገር ታገኛለህ፦ ወንጀል የሆነ፣ ስህተት የሆነ፣ በአንተ ላይ የተፈጸመ በደል የሆነ። መድኃኒታቸው ይለያያል።

አንደኛ፦ ወንጀል የሆነው

ሪዝቅ ፍለጋ መውጣት በራሱ ወንጀል አይደለም። አላህ ምድርን ገር እንዳደረገልንና በየማዕዘኗ ተጉዘን ከሪዝቁ እንድንመገብ በሱረቱል ሙልክ 15ኛው አንቀጽ ነግሮናል። ወላጆቿን ለማሳረፍ ብላ የወጣች ልጅ ኒያዋ ያማረ ነው። ወንጀሉ ያለው ከጉዞው ጋር ተያይዘው በተሠሩት ነገሮች ውስጥ ነው።

እናቱን "ደሴ ዘመድ ልጠይቅ ነው" ብሎ ዋሽቶ የወጣ አለ። የእናቱን የእቁብ ብር ሳያስፈቅድ የወሰደ አለ። በአባቱ ስም በአራጣ ያስበደረ አለ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሰላቱን የተወ፣ አረቄ አውጥቶ የሸጠ፣ ከማይሆን ሰው ጋር የማይሆን ሥራ የሠራ አለ። እነዚህን "ችግር ነው ያስደረገኝ" ብለን አንሸፋፍናቸው። ወንጀልን በስሙ መጥራት የተውበት መጀመሪያ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሚያመውን ቦታ የሚደብቅ ሰው አይድንም።

ዑለማዎቻችን የተውበትን መስፈርቶች አስቀምጠውልናል። ወንጀሉን ማቆም፣ በሠሩት መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም አውፍ ማስባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንተና በአላህ መካከል ናቸው፤ ዛሬ ማታ ሊያልቁ ይችላሉ። በሱረቱ አዝ-ዙመር 53ኛው አንቀጽ ላይ አላህ በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉትን ሰዎች ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ ሲጠራቸው በምን ስም እንደጠራቸው አስተውል። "ባሮቼ" ነው ያላቸው። ገና ሳይመለሱ፣ ወንጀሉ ላይ እያሉ የእርሱ ናቸው። አንተ "የተረገምኩ ነኝ" የምትለውን ራስህን አላህ በዚህ ስም ነው የሚጠራህ።

አራተኛው ጊዜ ይወስዳል። ለሸሂድ እንኳ ሁሉም ወንጀል ሲማርለት ዕዳው እንደሚቀር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስለዚህ ያበደረህን ሰው መንገድ እየቀየርክ አትሽሽ። ሂድና "ዕዳህን አልካድኩም፤ አሁን የለኝም፤ በየወሩ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ" በለው። ይህን ስትል ፊትህ ይቃጠል ይሆናል፤ ልብህ ግን ይተነፍሳል። አበዳሪም ብትሆን አስብ። የቸገረው ሰው እስኪቃናለት ድረስ እንድትታገሠው፣ ብትምረው ደግሞ ለአንተው እንደሚሻል ሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ ላይ ታዘሃል።

ወላጆቹን አስለቅሶ የወጣም መንገድ አለው። አንድ ሰው ወላጆቹ እያለቀሱ ትቷቸው ለሂጅራ ቃል ሊገባ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጣ ጊዜ፣ ተመልሶ እንዳስለቀሳቸው እንዲያስቃቸው ነው ያዘዙት። ልብ በል፤ ያ ሰው የመጣው ለመልካም ሥራ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተመለስ ተባለ። እናትህ ከአንተ የምትፈልገው ብር ላይሆን ይችላል። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጠህ ቡና ስትጠጣ ማየት ይበቃት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደውን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ጓደኛውን ወይም የአክስቱን ልጅ "ና እንሂድ" ብሎ ያስወጣ፣ ያ ልጅ ባሕር ላይ የቀረበት ወንድም አለ። እርሱ ተመልሷል፤ የልጁ እናት ግን በዚያው መንደር አለች። ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ለዚህ ወንድም "ምንም አይደል፣ ቀደር ነው" ብዬ ላታልለው አልፈልግም። ግን ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋውን ሰው ታሪክ ያስታውስ። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀው ብዙ ዒባዳ ያለውን፣ ዕውቀት ግን የሌለውን ሰው ነበር። "ተውበት የለህም" አለው። እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ቀጥሎ የጠየቀው ዓሊም ግን በእርሱና በተውበት መካከል የሚቆም ማንም እንደሌለ ነገረው፤ ደግሞም ከክፉው ሀገር ወጥቶ ደጋጎች ወዳሉበት እንዲሄድ መከረው። በመንገድ ላይ ሞት ደረሰበት፤ የእዝነት መላኢካዎችም ወሰዱት። ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ያ ሰው ገና አልደረሰም ነበር። በመንገድ ላይ ነበር። እርምጃው ተቆጠረለት።

ስለዚህ ወንድሜ፤ ዓሊም ዘንድ ሂድና ዝርዝሩን ለብቻው አማክር። ወደ ልጁ እናት ሽማግሌ ላክ፤ አውፍ በሉኝ በል። ባትልህም እንደ ልጅ አገልግላት። ለሟቹ ዱዓ አድርግለት፣ ሰደቃ አውጣለት። ሌላ ልጅ በዚያ መንገድ እንዳይወጣ ደግሞ አንተ ተናገር፤ ካንተ በላይ የሚታመን የለም።

ሁለተኛ፦ ስህተት የሆነው

10ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ማቋረጥ ወንጀል አይደለም፤ ስህተት ሊሆን ይችላል። ደላላን ማመን፣ የስድስት ዓመት ደመወዝ ሙሉውን ቤት ልኮ ለራስ ምንም አለማስቀመጥም እንዲሁ። ሰው የሚያየውን ያህል አይቶ ይወስናል። ለዚህ የሚያስፈልግህ ተውበት ሳይሆን ትምህርት መውሰድና ወደፊት መሄድ ነው።

እዚህ ጋ ሸይጧን የሚገባበት ቀዳዳ አንዲት ቃል ናት። "ምነው ባልሄድኩ ኖሮ!" "ምነው ያንን ብር መሬት ገዝቼበት ኖሮ!" ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ የሚጠቅምህን ነገር በጉጉት እንድትይዝ፣ በአላህ እንድትታገዝ፣ እንዳትሰንፍ አዘዙ። አንዳች ነገር ሲደርስብህ ደግሞ "እንዲህ ባደርግ ኖሮ" እንዳትል ከለከሉ፤ ይህች "ኖሮ" የሸይጧንን ሥራ ትከፍታለችና። ትእዛዙ ሲጀምር በሥራ እንደሆነ ተመልከት። "ቀደር ነው" ብለህ ተኝተህ እንድትውል አይደለም። ያለፈውን ለቀደር ስጠው፤ ለመጪው ደግሞ ወገብህን እሰር።

ብሩን ሁሉ ቤት ልካ ባዶዋን ለተመለሰች እህት ደግሞ የምነግራት አለኝ። እህቴ፤ ለቤተሰብ የሚወጣ ገንዘብ ምንዳው ከሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ያ የአባትሽ ቤት ቆርቆሮ፣ ያ የወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያ የእናትሽ መድኃኒት በሙሉ ተጽፎልሻል። ወንድምሽ ገንዘቡን በጫት ቢጨርሰው ሒሳቡ የእርሱ ነው፤ ያንቺ ምንዳ አይቀነስም። ሰው እጅሽን አይቶ ባዶ ነሽ ይልሻል። መዝገብሽ ግን ባዶ አይደለም።

ሦስተኛ፦ በአንተ ላይ የተፈጸመው በደል

ብዙ ተመላሾች የተበደሉበትን ነገር እንደ ራሳቸው ወንጀል ቆጥረው ሲያፍሩበት አያለሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ደመወዝ ተከልክላ ሁለት ዓመት የሠራች እህት ምን አጠፋች? የመን ውስጥ ታግቶ፣ እየተደበደበ ድምፁን ለእናቱ በስልክ አሰምተው ብር ያስላኩበት ልጅ ምን አጠፋ? አላህ የትንሣኤ ቀን እርሱ ራሱ ባላጋራ የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች እንዳሉ በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲ ነግሮናል። አንዱ በእርሱ ስም ቃል ገብቶ የከዳ ነው። ሁለተኛው ነጻ ሰው ሸጦ ገንዘቡን የበላ ነው። ሦስተኛው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ደመወዙን የከለከለ ነው። አየህ? ከሦስቱ ሁለቱ የአንተ ጉዳይ ናቸው። ደላላውም፣ አጋቹም፣ ከፊሉም ባላጋራቸው አላህ ነው። አንተ ተከሳሽ ወንበር ላይ ምን ታደርጋለህ? ያንተ ቦታ የከሳሽ ነው።

በግድ የተደፈረች እህትም ወንጀለኛ አይደለችም። በግዳጅ የሆነ ነገር ከዚህ ኡመት ላይ የተነሳ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ልጅ ይዛ ከተመለሰች ያ ልጅ ንጹሕ ነው። አንዲትም ነፍስ የሌላን ሸክም እንደማትሸከም በሱረቱል አንዓም 164ኛው አንቀጽ ላይ ተነግሯል። ይህ ልጅ ነገ መድረሳችን ውስጥ ከልጆቻችን ጎን ቁጭ ብሎ አሊፍ፣ ባ የሚል ልጅ ነው። ሰፈር ውስጥ በስሙ ፋንታ ሌላ ስም የሚያወጡለት ሰዎች ስለ ምላሳቸው ይጠየቃሉ።

የተበደለ ሰው ዱዓ በእርሱና በአላህ መካከል ግርዶ የለውም። ተጠቀምበት። ከዱዓው ጋር ሰበቡንም አድርስ። በሀገራችን ሕግ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው መነገድንና በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ይቀጣል። ደላላው ሰፈር ውስጥ ሌላ ልጅ እያግባባ ከሆነ ዝም ማለትህ ሰብር አይባልም።

◆ ከዕብ ኢብኑ ማሊክና የገሳን ደብዳቤ

በሕይወቱ አንድ የተሳሳተ ውሳኔ ወስኖ የአላህን እዝነት ያገኘ ሰው ማየት የሚፈልግ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ይስማ። በሂጅራ 9ኛው ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለተቡክ ዘመቻ ጠሩ። ወቅቱ ሙቀቱ የበረታበት፣ ፍሬ የደረሰበት ነበር። ከዕብ አቅም አልጎደለውም። "ነገ እዘጋጃለሁ፣ ነገ እደርስባቸዋለሁ" ሲል ሠራዊቱ ሄደ፤ እርሱ መዲና ቀረ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎች እየመጡ በመሐላ ምክንያት ደረደሩ። ከዕብ ግን ምንም ምክንያት እንዳልነበረው እውነቱን ተናገረ። ከእርሱ ሌላ ሙራራ ኢብኑ ረቢዕና ሂላል ኢብኑ ኡመያ እንዲሁ አሉ። ሦስቱን ማንም እንዳያናግራቸው ታዘዘ። ሃምሳ ሌሊት። ገበያ ይሄዳል፤ የሚያናግረው የለም። መስጂድ ይመጣል፤ ሰላምታው ይመለስለት አይመለስለት አያውቅም። ልብ በል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመስጂድ አልቀረም።

በዚህ መሐል የገሳን ንጉሥ ደብዳቤ ላከበት። ጓደኛህ እንደራቀህ ሰምተናል፤ ወደ እኛ ና፣ እናከብርሃለን የሚል ነበር። ከዕብ ይህም ሌላ ፈተና መሆኑን አውቆ ደብዳቤውን እምድጃ ውስጥ ጨመረው።

ወንድሜ፤ የአንተ የገሳን ደብዳቤ የደላላው ስልክ ነው። ተመልሰህ ሦስት ወር ሳይሞላህ፣ ሰፈሩ ፊቱን ሲያዞርብህ፣ እቤት ውስጥ ንግግር ሲበዛብህ ይደውላል። "ይሄኛው መንገድ የተረጋገጠ ነው" ይልሃል። ብዙ ሰው ሁለተኛ የሚሄደው ድህነት ብቻ ገፍቶት አይደለም፤ ሃፍረቱም ያባርረዋል። ሌላውን ደግሞ ሃፍረቱ ቤቲንግ ቤት ያስገባዋል፤ የጠፋውን ብር በአንድ ቲኬት ሊመልስ። አንዱን የተሳሳተ ውሳኔ በሌላ የተሳሳተ ውሳኔ ማረም አይቻልም። ከዕብ የጨመረበትን እምድጃ አስብና ቁጥሩን አጥፋው።

በሃምሳኛው ቀን ንጋት ከዕብ ሱብሒን ቤቱ ጣራ ላይ ሰግዶ ምድር ጠብባበት እንደተቀመጠ፣ ከሰልዕ ተራራ ላይ የሚጮህ ሰው ብሥራት አሰማው። አላህ ተውበታቸውን መቀበሉ በሱረቱ አት-ተውባ 118ኛው አንቀጽ ወረደ። ከዕብ ለአብሣሪው የለበሰውን ሁለት ልብስ አውልቆ ሰጠ፤ ሌላ ስላልነበረው ተውሶ ለብሶ ወደ መስጂድ ሄደ። ሲገባ ከሙሃጅሮች መካከል ጦልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ ተነስቶ ሮጦ ጨበጠው፤ እንኳን ደስ አለህ አለው። ከዕብ ይህችን የጦልሓን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳትም። ለምስጋና ገንዘቡን በሙሉ ሰደቃ ልስጥ ባለ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተወሰነውን ለራሱ እንዲያስቀር መከሩት። ተውበት ራስህን እንድታጠፋ አይጠይቅህም።

◆ ጦልሓ የት ነው ያለው?

አሁን ወደ እኛ ወደ መስጂድ ሰዎች ልምጣ። የእኛ መስጂድ ውስጥ የሚነሳው ማነው? የተመለሰ ልጅ ሲገባ ሮጦ የሚጨብጠው ማነው? አብዛኞቻችን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለን፤ "ምን ይዘህ መጣህ?" ቀጥሎ ደግሞ "እንትና እኮ ፎቅ ሠራ" እንላለን። ይህን ስንል ከዚያ ዕውቀት ከሌለው ዓቢድ ጎራ እየተሰለፍን ነው። አላህ ያልዘጋውን በር እኛ እንዘጋለን።

አቡበክር (ረ.ዐ) ሚስጠሕ የሚባል ድሃ ዘመድ ነበራቸው፤ ያኖሩትም እርሳቸው ነበሩ። ሚስጠሕ በልጃቸው በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በተነዛው የሐሰት ወሬ ተካፈለ። አቡበክር ከእንግዲህ ምንም ላልሰጠው ብለው ማሉ። የሱረቱ አን-ኑር 22ኛው አንቀጽ ሲወርድ ግን፣ አላህ እንዲምራቸው እንደሚወዱ ተናግረው ድጋፋቸውን መለሱለት። እንግዲህ የገዛ ልጃቸውን ክብር የነካ ሰው ድጋፍ ካልተቋረጠበት፣ የእኛ ልጅ ብር ሳያመጣ ስለተመለሰ ብቻ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ የሚታየው በየትኛው ኪታብ ነው?

ከማልቀስና ከመምከር አልፎ ልንሠራ የምንችለው ነገር አለ።

✔ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች እንደሚገኙ ሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። ረመዷን ሲመጣ ዘካችንን ስናከፋፍል ለመንገድ ተበድሮ ዕዳ ላይ የወደቀ፣ ተውበት ያደረገ ወጣት ይገባው እንደሆነ ኢማሞቻችንን እንጠይቅ። አንድ ልጅን ከአራጣ ማውጣት አንድ ቤተሰብን ማዳን ነው።

✔ እነዚህ ልጆች ባዶ አይደሉም። ዓረብኛ ይናገራሉ። ምግብ ማብሰል፣ አረጋዊ መንከባከብ፣ ግንባታ፣ ከብት ማርባት የሚያውቁ አሉ። ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት ያለው የጀመዓችን አባል አንድ ልጅ ቢያስገባ ምን ይጎድልበታል?

✔ እህቶች የሚያወሩበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ያየችውን ለወንድ ኡስታዝ መናገር የማትችል አለች። አላህን የምትፈራ፣ ምላሷን የምትጠብቅ አንዲት እናት ብትመደብላቸው ብዙ ሸክም ይወርዳል። ሌሊት የሚያስጮህ፣ ከሰው የሚያሸሽ ሁኔታ ውስጥ ያለ ደግሞ ሩቅያ እየተቀራለት ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

◆ "ይህ ሌሎችን አያደፋፍርም?"

አንድ ወንድም "ተመላሽን እንዲህ ከተቀበልን ሌላውም ልሂድ አይልም ወይ?" ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ሙሉ በሙሉ ታግዶ ነበር፤ እገዳው ባለበት ዓመታትም ሰው በበረሃና በባሕር ከመሄድ አልቆመም። ልጅን የሚያስወጣው የተመለሰ ሰው ደግ አቀባበል አይደለም። ልጅን የሚያስወጣው "ፎቅ ሠራ" የሚለው ወሬያችን ነው፤ ደላላው የሚያሳየው ፎቶም አለ።

እንዲያውም የምናሳፍራቸው ተመላሾች ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ደላላው ብቻውን ይናገራል። ያየውን ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ለመናገር የሚችል አንድ ተመላሽ ወጣት ከአሥር ኹጥባ በላይ ይሠራል። የሚሄድም ሰው ካለ በሕጋዊ መንገድ፣ ወላጁን አስፈቅዶ፣ ውሉን አንብቦ ይሂድ። ራስን በእጅ ወደ ጥፋት መወርወር ግን በሱረቱል በቀራ 195ኛው አንቀጽ ተከልክሏል።

◆ ዛሬ ማታ ጀምር

ወንድሜና እህቴ፤ ነገ አትበሉ። ከዕብንም ያስቀረችው "ነገ" ናት።

ዛሬ ማታ ውዱእ አድርግ። ሁለት ረከዓ ስገድና ኢስቲግፋር አድርግ። ወንጀል ሠርቶ እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንደሚማር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ከዚያ ወረቀት ያዝ፤ በሦስት ክፈለው። ወንጀል፣ ስህተት፣ በደል። ጻፈውና ለማንም አታሳይ፤ አላህ የሸፈነልህን አንተ አትግለጥ። በወንጀሉ ሥር ካሉት የሰው ሐቅ የሆኑትን ለይ፤ ከእነርሱም አንዱን፣ ትንሹን ምረጥና በዚህ ሳምንት ጨርሰው። ስህተቱን አንድ ጊዜ አንብበህ ትምህርቱን ያዝ። በደሉን ለአላህ ንገረው። ሲጨርስ ወረቀቱን ቅደደው።

ሱብሒ ላይ ደግሞ ና። ምን ፊት ይዤ ልምጣ አትበል፤ በውዱእ የታጠበውን ፊት ይዘህ ና። ከመጨረሻው ሶፍም አትቁም፤ ፊት ለፊት ቦታ አለ። የሚጨብጥህ ሰው ባታገኝ እንኳ አንተ ጨብጥ፤ ከዕብ ሰላምታ ሳይመለስለት ሃምሳ ቀን ተመላልሷል።

ያ አላህ! የተመለሱትን ወደ አንተም መልሳቸው። በመንገድ ላይ ያሉትን ጠብቃቸው። በባሕርና በበረሃ ለቀሩት እዘንላቸው፤ ለእናቶቻቸው ሰብር ስጣቸው። ዕዳ ያለባቸውን ዕዳቸውን ክፈልላቸው። የተበደሉትን ሐቃቸውን አስመልስላቸው። እኛንም ለወንድሞቻችን በር የምንከፍት እንጂ የምንዘጋ አታድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።